የአነስተኛ አውሮፕላን ነዳጅና ዘይት፦ መራጩ ማን ነው?

በአሜሪካ እርሳስ የተጨመረበትን ቤንዚን ለመንገድ ተሽከርካሪ መሸጥ ከ1996 ጀምሮ ክልክል ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ2021 ወዲህ፣ አልጄሪያ የመጨረሻ ክምችቷን ካሟጠጠች በኋላ፣ ለመኪና እንዲህ ያለ ቤንዚን በይፋ የሚሸጥ አገር በዓለም ላይ አልቀረም። ከአንድ አነስተኛ የአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ ባለ ፒስተን ሞተር አውሮፕላን ግን ዛሬም በአብዛኛው የሚያቃጥለው በእርሳስ የተቀመመ ቤንዚን ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንደሚያሰላው፣ በአሜሪካ ወደ አየር ከሚለቀቀው እርሳስ 70 በመቶ ገደማው የሚወጣው ከእነዚሁ አውሮፕላኖች ነው።

እኔ ከእነዚህ አውሮፕላኖች የአንዲቱ ሩብ ባለቤት ነኝ። በ1976 የተሠራች ሴስና 172 ናት። ከሦስት ወዳጆቼ ጋር በማኅበር ገዝተን ከኮሎምበስ ወጣ ባለ አንድ አነስተኛ ማረፊያ እናቆማታለን፤ የማኅበሩ ስብሰባ የሚካሄደው ደግሞ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ በሚገኝ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ነው። ባለፈው ዓመት ሞተሯ ተፈትቶ ከታደሰ በኋላ ሁለት ጥያቄዎች ቀረቡልን፤ ምን ነዳጅ እንቅዳላት? ምን ዘይት እንቀይርላት? ጥያቄው መካኒክ ጠይቆ በአንድ ቀን የሚያልቅ መስሎን ነበር፤ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። በሦስቱ ስብሰባዎች መጨረሻ የደረስሁበት መደምደሚያ ከአውሮፕላን ጥገና ይልቅ ለፖሊሲ የሚቀርብ ስለሆነ ለዚህ መድረክ አንባቢያን ላቀርበው ወደድሁ። ነዳጁን የሚመርጠው በማረፊያው የተተከለው ታንክ ነው፤ ታንኩን የሚመርጠው ከብዙ ዓመት በፊት የተሰጠ ውሳኔ ነው፤ ዘይቱም ቢሆን ነዳጁን ተከትሎ ይመረጣል። ለባለቤቱ የሚቀርለት ጠባብ ምርጫ ቢሆንም፣ ያንን ጠባብ ምርጫ በአግባቡ ለመጠቀም የትልቁን ውሳኔ ታሪክ ማወቅ ያስፈልገዋል።

ጎዳናውና ጎረቤቱ

ክሊቭላንድ አቬኑ ከመሀል ከተማው፣ ከኮሎምበስ ስቴት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አካባቢ ተነሥቶ የሊንደንን ሰፈር ያቋርጥና በኖርዝላንድ በኩል ወደ ዌስተርቪል ያመራል። ሰሜናዊው ክፍሉ የሶማሌና የኢትዮጵያ ሱቆች፣ እንጀራ መሸጫዎች፣ ገንዘብ መላኪያዎችና ጋራዦች የተደረደሩበት ነው። ታክሲና የጭነት መኪና በማሽከርከር ኑሯቸውን የመሠረቱ ብዙ ወገኖቻችን የሚገናኙበት ጎዳና ስለሆነ፣ ስለ ሞተር ዘይት የሚነሣ ወሬ ሰሚ አያጣም። የማኅበራችን ታላቅ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በአዲስ አበባ ጋራዥ ያደጉ መካኒክ ናቸው። ሌላዋ አባላችን የሕፃናት ክፍል ነርስ ነች። ክርክራችን በእነዚህ በሁለቱ ሙያዎች መካከል ሲመላለስ ከረመ።

ከዚህ ጎዳና ጥቂት ማይል ወደ ምዕራብ ዎርቲንግተን የምትባል ከተማ አለች። ቶማስ ሚጅሊ በ1944 ያረፈው በዚያ ነው። ልጅነቱን በኮሎምበስ ያሳለፈው ይህ መሐንዲስ፣ በታኅሣሥ 1921 በዴይተን፣ ኦሃዮ፣ ለጄኔራል ሞተርስ ሲሠራ፣ ቴትራኤትል ሌድ የተባለው የእርሳስ ውህድ በትንሹ ሲጨመር የሞተርን ማንኳኳት እንደሚያስቀር አረጋገጠ። ማንኳኳት ማለት ቤንዚኑ በካንዴላው እሳት ተለኩሶ በሥርዓት በመንደድ ፈንታ በሲሊንደሩ ውስጥ በድንገት ሲፈነዳ የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ ነው፤ በከባድ ጭነት ከቀጠለ ፒስተን ይበሳል። ኦክቴን የሚባለው ቁጥር ይህን ድንገተኛ ፍንዳታ የመቋቋም አቅም መለኪያ ነው።

በ1923 መጀመሪያ እዚያው ዴይተን ለገበያ የቀረበው ይህ ቤንዚን «ኤትል» ተባለ፤ በስሙ ውስጥ እርሳስ አልተጠቀሰም። አልኮልም ማንኳኳትን እንደሚከላከል በጊዜው የታወቀ ነበር፤ አልኮልን ግን ማንም በባለቤትነት ሊያስመዘግበው አይችልም። በጥቅምት 1924 በኒው ጀርሲ ባለ ማምረቻ አምስት ሠራተኞች በዚሁ ውህድ ተመርዘው ሞቱ። ምርቱ ለአጭር ጊዜ ከገበያ ወጥቶ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ መኪኖችም አውሮፕላኖችም በእርሱ ልክ ተሠሩ። እርሳሱን ከመኪና ለማውጣት ሰባ ዓመት ያህል ፈጀ። ከአውሮፕላን ለማውጣት መቶ ዓመትም አልበቃም።

ታንኩ የመረጠልን

በአሜሪካ ማረፊያዎች የሚሸጠው ዋናው የአውሮፕላን ቤንዚን 100 ኤልኤል ይባላል። ሰማያዊ ቀለም አለው። «ኤልኤል» የሚሉት ፊደላት «አነስተኛ እርሳስ» ለማለት ናቸው፤ ስያሜው በሊትር እስከ 1.12 ግራም እርሳስ ይይዝ ከነበረው አረንጓዴ ቀዳሚው ጋር ተነጻጽሮ የወጣ ነው። የ100 ኤልኤል ጣሪያ በሊትር 0.56 ግራም ነው። የእኛይቱ አውሮፕላን ስትበር በሰዓት 30 ሊትር ገደማ ትጠጣለች። አንድ ሰዓት በበረርን ቁጥር እስከ 17 ግራም እርሳስ በሞተሩ ያልፋል ማለት ነው።

ሞተሯ ይህን ያህል እርሳስ ለምኖ አያውቅም። ባለ 150 የፈረስ ጉልበት ላይካሚንግ ኦ-320 ነው፤ የእመቃ መጠኑ ሰባት ለአንድ ብቻ ሲሆን፣ ሲሠራ የታሰበለት 80/87 የተባለ ቀይ ቤንዚን ነበር። ያ ቤንዚን ከ100 ኤልኤል ጋር ሲነጻጸር የእርሳሱ ጣሪያ አንድ አራተኛ ነበር። ቀዩም አረንጓዴውም ከገበያ ሲወጡ ሁሉም በሰማያዊው ተጠቃለለ። እንግዲህ «አነስተኛ እርሳስ» የተባለው ነዳጅ ለዚህች አውሮፕላን ከተወሰነላት አራት እጥፍ ያህል እርሳስ የያዘ ነው።

እንዲህ የሆነበት ምክንያት ሞኝነት አይደለም። ከፍተኛ ኦክቴን ዝቅተኛ ኦክቴን የሚበቃውን ሞተር አያፈነዳም፤ ዝቅተኛ ኦክቴን ግን ከፍተኛ የሚሻውን ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ሊያጠፋው ይችላል። በአንድ ማረፊያ አንድ ታንክ ብቻ ካለ ሁሉንም የሚያገለግለው የላይኛው ነው። በተለምዶ እንደሚጠቀሰው፣ 100 ኦክቴን የግድ የሚያስፈልጋቸው አውሮፕላኖች ከጠቅላላው 30 በመቶ ያህል ናቸው፤ የሚጠጡት ግን ከነዳጁ 70 በመቶ ያህሉን ነው። ሻጩ የሚያየው 70ውን ነው። ብዙኃኑ አውሮፕላኖች የጥቂቶቹን ነዳጅ ይጠጣሉ፤ ብዙኃኑ ጎረቤቶች ደግሞ የሁሉንም ጭስ ይተነፍሳሉ።

ነርሷ አባላችን የተከራከረችው በዚህ ነጥብ ላይ ነበር። የበሽታ ቁጥጥር ማዕከሉ ለሕፃናት ደም የማመሳከሪያ መጠኑን በ2021 በዴሲሊትር ወደ 3.5 ማይክሮግራም ዝቅ ሲያደርግ፣ ጉዳት የለሽ የሚባል መጠን እንደሌለ ደግሞ አረጋግጧል። ከ1978 በፊት በተሠሩ ቤቶች ቀለም ውስጥ እርሳስ አለ፤ በአሮጌ የውኃ ቧንቧም አለ። ሊንደንን በመሳሰለ አሮጌ ሰፈር የሚያድግ ልጅ ከግድግዳውና ከቧንቧው የሚደርስበት ሲበቃው ከሰማይ ሊጨመርበት አይገባም አለች። በካሊፎርኒያ፣ በምሥራቅ ሳን ሆዜ ስደተኞች በብዛት በሚኖሩበት ሠፈር የሚገኘውን የሪድ ሂልቪው ማረፊያ ምሳሌ አነሣች፤ በማረፊያው አቅራቢያ በሚኖሩ ልጆች ደም ውስጥ ከፍ ያለ እርሳስ መገኘቱን አንድ ጥናት ካመለከተ በኋላ አውራጃው ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የ100 ኤልኤልን ሽያጭ በዚያ አቁሟል።

እርሳሱ ሲወጣ የሚቀረው ጥያቄ

ለእኛይቱ ሞተር አማራጭ አለ። ዩኤል94 የሚባል፣ ስዊፍት ፉልስ የተባለ የኢንዲያና ኩባንያ የሚያመርተው፣ እርሳስ የሌለበት ባለ 94 ኦክቴን ቤንዚን ነው። የሞተር አምራቹ የፈቀደው ሲሆን፣ ለአውሮፕላኗ አካልም ተጨማሪ የማሻሻያ ፈቃድ ገዝቶ ከሰነዶቿ ጋር ማያያዝ በቂ ነው። ከ100 ኤልኤል ጋር በአንድ ታንክ ቢቀላቀልም ችግር የለውም። ጋሼ ግን ወዲያው እሺ አላሉም። «ልጆች፣ እርሳሱ መርዝ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ለሃምሳ ዓመት የቫልቩ ትራስ ሆኖ ኖሯል። ትራሱን ስትነጥቁት አንገቱን ምን እንደሚያደርገው አይታችኋል?» አሉን።

ጥርጣሬያቸው መሠረት ነበረው። የሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ፣ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ የበረራ ትምህርት ቤቶች አንዱ፣ በሰኔ 2023 አውሮፕላኖቹን ወደ ዩኤል94 አዘዋወረ፤ በጥቅምት ወር የጭስ ማውጫ ቫልቮች መቀመጫ ከሚጠበቀው በላይ እየተበላ መሆኑ በምርመራ ሲታይ ወደ 100 ኤልኤል ተመለሰ። ላይካሚንግ በኋላ እንዳስታወቀው ነገሩ ከእርሳስ መኖርና አለመኖር ብቻ ሳይሆን በነዳጁ ውስጥ ካለው የአሮማቲክ ውህዶች መጠን ጋር ይያያዛል። ለሁሉም ሞተሮች ይሆናል ተብሎ በመስከረም 2022 በፌዴራሉ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የጸደቀው ጂ100ዩኤልም ከፈተና አላመለጠም፤ ቀለም እንደሚያነሣና ማሸጊያ ጎማዎችን እንደሚጎዳ ከተጠቃሚዎች አቤቱታ ቀርቦበታል፤ አምራቹ በበኩሉ ጉዳቱ ቀድሞ ከነበረ እርጅናና ጥገና ጉድለት የመጣ ነው ብሎ ይከራከራል።

ከመኪና ማደያ ቀድተን ለምን አንገላገልም የሚል ሐሳብም ከጎናችን ከተቀመጡ የታክሲ ሾፌሮች ተሰንዝሮ ነበር። እርግጥ የመኪና ቤንዚን እንዲጠቀሙ ፈቃድ ያላቸው አሮጌ ሞተሮች አሉ። ይሁን እንጂ ፈቃዱ የሚሠራው ኤታኖል ለሌለበት ቤንዚን ነው፤ በኦሃዮ ማደያዎች የሚቀዳው በአብዛኛው አሥር በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል ውኃ ይስባል፣ የአሮጌ አውሮፕላንን ጎማና ጓርኒሲዮን ያበላሻል፣ በሙቀትና በከፍታም ነዳጁ በቱቦ ውስጥ ወደ እንፋሎት እንዲለወጥ ያግዛል። መኪና ነዳጁ ሲቋረጥበት ከመንገድ ዳር ይቆማል፤ አውሮፕላን ግን ዳር የለውም።

ዘይቱ ነዳጁን ይከተላል

«እሺ፣ ዘይቱን እንኳ ምርጡን ሙሉ ሲንቴቲክ አድርጉለት» አለ ከሾፌሮቹ አንዱ። ለመኪና ትክክል ነው። ለዚህ ሞተር ግን ከሁለት ምክንያቶች የተነሣ ስሕተት ይሆናል።

የመጀመሪያው አመድ ነው። የመኪና ዘይት የብረት ማዕድን ያለባቸው ማጽጃ ቅመሞች ይጨመሩበታል፤ በአየር በሚቀዘቅዝና ዘይት በሚበላ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ እነዚህ ቅመሞች ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ። አመዱ በሲሊንደሩ ውስጥ ፍም ሆኖ ይቀመጥና ቤንዚኑን ካንዴላው ሳይደርስ ሊለኩሰው ይችላል። ስለዚህ የአውሮፕላን ዘይት አመድ የማይተው፣ ቆሻሻውን ግን በትኖ የሚይዝ ዓይነት መሆን አለበት። ይህ ዓይነት በጠርሙሱ ላይ «ደብሊው» በሚል ፊደል ይታወቃል። የመኪና ሰው ፊደሉን «ክረምት» ብሎ ያነበዋል፤ በአውሮፕላን ነጠላ ደረጃ ዘይት ላይ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ቁጥሩም እንዲሁ ያሳስታል፤ ደብሊው 100 የሚባለው በመኪናው አቆጣጠር 50 ነው፣ ደብሊው 80 ደግሞ 40 ነው።

ሁለተኛው እርሳሱ ራሱ ነው። ከነዳጁ የሚወጣው እርሳስ ሁሉ በጭስ ማውጫ አይወጣም፤ ከፊሉ በፒስተን ቀለበቶች ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ እዚያም ግራጫ አተላ ይሆናል። ማዕድናዊ ዘይት ይህን አተላ አንሳፍፎ ይይዘዋል፤ ሙሉ ሰው ሠራሽ ዘይት ግን በዚህ ደካማ ነው። በ1990ዎቹ ሞቢል ኤቪ-1 የተባለው ሙሉ ሰው ሠራሽ የአውሮፕላን ዘይት ከገበያ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነበር። ዛሬ በገበያ ያሉት ባለ ብዙ ደረጃ ዘይቶች ከፊል ሰው ሠራሽ ወይም ሙሉ በሙሉ ማዕድናዊ ናቸው። የነዳጅ ፖሊሲ የዘይት ፋብሪካን እስከ መወሰን ይደርሳል ማለት ነው።

እኛ የወሰንነው እንዲህ ነው። አዲስ የታደሰ ሞተር ቀለበቶቹ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር እንዲላመዱ ቅመም የሌለው ማዕድናዊ ዘይት ያስፈልገዋል፤ ይህን የዘይት ፍጆታው እስኪረጋጋ፣ ወይም 50 ሰዓት እስኪሞላ ተጠቀምን። ከዚያ በኋላ ወደ 20ደብሊው-50 ተሻገርን። በአዲስ አበባ አየር ቢሆን ነጠላው ደብሊው 80 ዓመቱን ሙሉ ይበቃን ነበር፤ የኮሎምበስ ጥር ግን ሌሊቱን ከዜሮ በታች እየወረደ ዘይቱን እንደ ማር ያደርገዋል፣ ሐምሌው ደግሞ ያቀጥነዋል። ባለ ማጣሪያ ስለሆነ በየ50 ሰዓቱ፣ ብዙ ካልበረርንም በየአራት ወሩ እንቀይራለን፤ ቆሞ የሚውል ሞተር በእርጥበት ይዝጋልና።

ነዳጁን በተመለከተ ነርሷም ጋሼም በከፊል ረቱ። የዩኤል94ን ፈቃድ ገዛን፤ በሚገኝበት ሁሉ እንቀዳለን። ጋሼ ሁለት ግዴታ አስገቡን፤ በየዘይት ቅያሬው ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፣ በየዓመቱ ምርመራ የቫልቮቹ ክፍተት ተለክቶ ይመዘገባል። ለውጥ ካየን ቆም ብለን እናስባለን። ዳሩ ግን «በሚገኝበት ሁሉ» የሚለው ሐረግ ከባድ ነው፤ የእኛ ማረፊያ ታንኩ አንድ ነው፣ በውስጡም ያለው ሰማያዊው ነው።

ሁለተኛው ታንክ

በግንቦት 2024 የወጣው የፌዴራል የአቪዬሽን ሕግ፣ በ2022 100 ኤልኤል ይሸጡ የነበሩ ማረፊያዎች ለሁሉም የሚሆን የጸደቀ ምትክ በቦታው እስኪገኝ፣ ወይም እስከ 2030 መጨረሻ፣ ሽያጩን እንዳያቋርጡ ያስገድዳል። የሕጉ ምክንያት ግልጽ ነው፤ 100 ኦክቴን የሚሻ አውሮፕላን ያረፈበት ቦታ 94 ብቻ ቢያገኝ አደጋ ይፈጠራል። ውጤቱ ግን ባለ አንድ ታንኩ ማረፊያ ዩኤል94ን ሊያቀርብ የሚችለው ሁለተኛ ታንክ ከተከለ ብቻ ነው። ታንክ መትከል ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ነዳጁ የሚሸጠው በጥቂቱ ስለሆነ ወጪውን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ የእርሳሱ ጉዳይ የኬሚስቶችን ያህል የማዘጋጃ ቤት በጀት ጉዳይ ነው። አራት ሰዎች ፈቃድ ስለገዙ የሚቀንሰው እርሳስ ጥቂት ነው፤ በዚያው ማረፊያ ከጧት እስከ ማታ ሲነሡና ሲያርፉ ለሚውሉ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ሁለተኛ ታንክ ቢቆም ግን ለውጡ ትልቅ ይሆናል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በ94 ሊበሩ የሚችሉ ናቸውና። በክሊቭላንድ አቬኑ የምንኖር ግብር ከፋዮች የማረፊያዎች ማስፋፊያ ዕቅድ ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ ልንጠይቀው የሚገባን አንድ ጥያቄ ይህ ነው።

ኢትዮጵያ ግን ይህን ዕዳ ገና በሰፊው አልተሸከመችም። በ1935 በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ፣ በወረራው ወደ ጣሊያን ተወስዳ፣ በጥር 2024 የተመለሰችው «ፀሐይ» የምታስታውሰን የአነስተኛ አውሮፕላን ታሪካችን ረጅም መሆኑን ነው፤ ዘርፉ ግን ዛሬም ጠባብ ነው። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ከቆመ ወዲህ አገሪቱ የምትጠቀመው የተጣራ ነዳጅ ሁሉ ከውጭ ይገባል፣ አብዛኛውም በጅቡቲ በኩል። ለአየር መንገዱ ጄቶች የሚሆነው ጄት ኤ-1 በብዛት ይመጣል፤ ለጥቂት ፒስተን አውሮፕላኖች ብቻ የሚሆን የእርሳስ ቤንዚን በዚያ ረጅም መንገድ ማምጣት ግን በማንኛውም ስሌት ውድ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ከሴስና 172 ጎን ዳይመንድ ዲኤ40 የተባለውን ማሠልጠኛ ማሰለፉ በዚህ ዓይን ሲታይ ብልህነት አለው። የዚህ አውሮፕላን ኤንጂ የተባለው ዓይነት ከመርሴዲስ የመኪና ናፍጣ ሞተር የተወለደ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ኦስትሮ ሞተር አለው፤ ጄት ኤ-1 ይጠጣል፣ እርሳስ አያውቅም፣ ዘይቱም አምራቹ ከፈቀዳቸው ሰው ሠራሽ ዘይቶች የሚመረጥ ነው። ቱርቦ ስላለውም በቦሌ ከፍታ፣ 2,300 ሜትር በላይ ላይ፣ ተራ ሞተር ከሚያጣው የጉልበት ሩብ አብዛኛውን አያጣም። ጥንቃቄ የሚያሻው ሁለቱ ነዳጆች በአንድ ሜዳ ሲገናኙ ነው። ጄት ኤ-1 በቤንዚን አውሮፕላን ታንክ ቢቀዳ ሞተሩ ለመነሣት ያህል ይሠራና አየር ላይ ይጠፋል፤ የቀለም ምልክት፣ የተለያየ ስፋት ያለው የመቅጃ አፍንጫና ቀጂውን በዓይን መከታተል የግድ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

ከሳሃራ በታች ያሉ አገሮች በሰኔ 2001 በዳካር ተስማምተው በ2006 መባቻ እርሳስን ከመኪና ቤንዚናቸው አስወጥተዋል። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ አግዳለች። ለመኪናው ይህን ያህል ርቃ የሄደች አገር፣ ነገ ለግብርና ርጭት፣ ለቱሪዝምና ለሥልጠና አነስተኛ ማረፊያዎች ስትከፍት፣ የመጀመሪያው ታንክ በምን እንደሚሞላ በጨረታ ሰነዱ ላይ ልትወስን ትችላለች። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ውሳኔው ርካሽ የሚሆነው ታንኩ ከመቀበሩ በፊት ነው። ከተቀበረ በኋላ ሞተሩም፣ ዘይቱም፣ ሕጉም በዙሪያው ይሠራሉ፤ መንቀሉ ምን ያህል እንደሚከብድ ደግሞ ኦሃዮ ለመቶ ዓመት አሳይታናለች።